ለመንገድ የሚከፍል፣ ለደጅ ጥናት የማይከፍል፦ የዱር እንስሳት ንግድን ለሚመረምሩ ጋዜጠኞች የሚሰጥ ድጋፍ ሲገመገም

እዚህ የምገመግመው በሕገወጥ የዱር እንስሳት ንግድ ላይ የምርመራ ዘገባ ለሚሠሩ የምሥራቅ አፍሪካ ጋዜጠኞች የሚሰጥ አንድ የአማካሪነትና የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ዙር ከተመረጡት ባልደረቦች መካከል ዘገባቸውን ገና ያላወጡ አሉ፤ ስሙ ከተጠራ ማን፣ የት አገር፣ ምን እየቆፈረ እንደሆነ ለመገመት የሚቸገር ነጋዴ አይኖርም። ይሁንና አሠራሩ ከሌሎች መሰል ድጋፎች ብዙም ስለማይለይ፣ ለማመልከት የሚያስብ ሰው ከዚህ ጽሑፍ የሚፈልገውን ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ፕሮግራሙ የዘገባ ሐሳቡ ለተመረጠለት ጋዜጠኛ በዶላር የተተመነ ገንዘብ በሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ከሐሳቡ ጀምሮ እስከ ኅትመት አብሮት የሚቆይ አንድ አማካሪ ይመድብለታል፤ ስለ መረጃና ስለ አካል ደኅንነት በኢንተርኔት ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ዘገባውም ከመውጣቱ በፊት በሕግ ባለሙያ እንዲታይ ያደርጋል። እኔ ከአስኮ ወዲያ፣ ቡራዩ ውስጥ የምኖር፣ ቋሚ ደመወዝ የሚከፍለኝ መሥሪያ ቤት የሌለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። ግምገማውም ከዚህ ቦታ ሆኖ የታየ ነው። ናይሮቢ ውስጥ በትልቅ ጋዜጣ ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ምናልባት ሌላ መልክ ይኖረው ይሆናል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አማካሪነቱ በሙያ ዘመኔ ካገኘኋቸው ሥልጠናዎች ሁሉ የላቀ ነበር። ገንዘቡን የቀረጸው ሰው ግን የምርመራ ሥራ ማለት መኪና ተከራይቶ ወደ ጠረፍ መውረድ ይመስለዋል። በእኛ አገር የዱር እንስሳት ንግድን ለሚመረምር ሰው ዋናው ሥራ ደጅ መጥናት ነው፤ መዝገብ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ ጉምሩክ፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል። ለዚህ ሥራ በበጀት ሠንጠረዡ ውስጥ የተመደበ አንድ መስመር እንኳን የለም።

ኢትዮጵያ በዚህ ንግድ መነሻም መተላለፊያም ናት። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከምሥራቁ ቆላ ተይዘው በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ከዚያም የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው፣ በየመን አድርገው፣ በግቢያቸው ሊያሳድጓቸው ወደሚፈልጉ የዐረብ ባለጠጎች ይደርሳሉ። በዓለም ላይ የቀሩት የዱር አቦሸማኔዎች ወደ 7,000 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል፤ በሶማሌላንድ የተያዙ ግልገሎችን የሚያሳድገው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ በየዓመቱ 300 ያህል ግልገሎች እንደሚወጡ ይገምታል። የዝሆን ጥርስ መንገዱ ሌላ ነው። ከራሳችን ዝሆኖች የተወሰደው እንዳለ ሆኖ፣ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወደ እስያ የሚጓዝ ጥርስ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመንገደኞች ሻንጣ ሲያዝ ቆይቷል። በዚህም ምክንያት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የዝሆን ጥርስ የድርጊት መርሐ ግብር እንዲያዘጋጁ ከጠየቃቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ሆናለች። ወደ ስምምነቱ የገባነው በ1981 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ ጉዳይ አይደለም ለማለት ነው።

ዘገባችን ግን ብዙውን ጊዜ ከመያዙ ዜና አያልፍም። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. መንግሥት ለዓመታት በመጋዘን ያከማቸውን 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ሲያቃጥል፣ ቦታው ከምኖርበት ብዙም የማይርቀው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነበር። ጭሱን የአገር ውስጥም የውጭም መገናኛ ብዙኃን ዘግበውታል። ያ ሁሉ ጥርስ ከእነማን እጅ እንደተያዘ፣ የተያዙትስ ምን እንደተፈረደባቸው ግን ያኔ ያነበብኳቸው ዘገባዎች አልነገሩኝም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ጥፋተኛን ከ5,000 እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት፣ ወይም በሁለቱም እንዲቀጣ ደንግጓል። በመቀጮና በእስራት መካከል ያለው ይህ «ወይም» በየችሎቱ እንዴት እንደሚተረጎም ማወቅ ብቻውን አንድ ትልቅ ዘገባ ይወጣዋል። ያየኋቸውም መዝገቦች በዚሁ አዋጅ መሠረት የተከፈቱ ናቸው።

አማካሪዬ በደቡባዊ አፍሪካ ለረዥም ዘመን በአርታኢነት የሠሩ ሴት ናቸው። በእኛ ዙር ከቀረቡት ሐሳቦች አብዛኞቹ «የግልገሎቹን መንገድ ተከትዬ እሄዳለሁ»፣ «ገዢ መስዬ እገባለሁ» የሚሉ ነበሩ። እሳቸው ሁለቱንም በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ገዢ መስሎ መግባት በመጀመሪያ ደረጃ ፍላጎት ይፈጥራል፤ ነጋዴው ገዢ አገኘሁ ብሎ ከሚፈልገው በላይ እንስሳ እንዲያስይዝ ያደርገዋል። በሁለተኛ ደረጃ ጋዜጠኛው ራሱ ከወንጀሉ ድርጊት ውስጥ ይገባል፤ ፖሊስ ቢደርስ የሚያድነው የለም። ስለዚህ ከጠረፍ ይልቅ ከመዝገብ ቤት እንድጀምር መከሩኝ፦ ማን ተያዘ፣ ማን ተከሰሰ፣ ማን ተፈታ፣ የተያዘው ዕቃ ወይም እንስሳ የት ደረሰ።

የሰጡኝ መሣሪያ አራት ዓምድ ያለው ተራ ሠንጠረዥ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ ቀን፣ በሁለተኛው ሰነዱን ያወጣው አካል፣ በሦስተኛው ስለ ኤግዚቢቱ የተጻፈው ነገር ቃል በቃል፣ በአራተኛው የፈረመው ሰው ኃላፊነት ይገባል። ለአንድ ጉዳይ የተጻፉት ወረቀቶች ሁሉ በየተራ ይሞሉበታል። አንድ የዝሆን ጥርስ መዝገብ በዚህ መንገድ ስሞላ፣ የመጀመሪያው የፖሊስ ማስረጃ ዕቃውን በቁርጥራጭ ብዛት ይገልጸዋል፤ ክሱ በኪሎ ግራም ይጠቅሰዋል፤ ውሳኔው ደግሞ መጠኑን ትቶ «የዝሆን ጥርስ» ብቻ ይላል። አማካሪዬ ሠንጠረዡን ካዩ በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ማን መዘነው? በሦስቱም ወረቀቶች ውስጥ የመዘነ ሰው የለም። እኔ ከዚህ ተነሥቼ «ጥርሱ የት ገባ» የሚል ርዕስ ልሰጠው ስዘጋጅ፣ እሳቸው በዚህ ማስረጃ ልጽፍ የምችለው ሰነዶቹ እርስ በርሳቸው እንደማይገናኙ ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ። የጽሕፈት ቸልተኝነት ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያወጣው የመጋዘኑ መዝገብ ነው፤ እሱን ለማየት ደግሞ እንደገና ደጅ መጥናት ነው።

በረቂቄ ላይ የሰረዟቸው ነገሮችም ብዙ አስተምረውኛል። የአንድ ግልገል ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር ከነጭራሹ አወጡት። ለአንባቢ የሚያጓጓው ቁጥር እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ድርቅ ከብቱን ለጨረሰበት አርብቶ አደር ያንን ዋጋ በጋዜጣ መንገር ሥራ እንደ መጠቆም ነው። ትክክል ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ያነበብኩት ዋጋን በትልቁ የሚያትም የዱር እንስሳት ዘገባ ሁሉ ደስ አይለኝም።

አንድ ፎቶግራፍም ነበር። በከተማው ዳር በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ያነሣሁት የነብር ቆዳ ነው፤ የሰውዬው ፊት የለም፣ እጁም የለም፣ ቆዳው ብቻ ነው። አማካሪዬ ምስሉን አጉልተው ካዩ በኋላ ከቆዳው ጀርባ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የደብር የቀን መቁጠሪያ ነበር፤ የአጥቢያው ስም ቀይ ቀለም ባለው ትልቅ ፊደል ታትሞበታል። አማርኛ የማያነቡ ሰው ያዩትን አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ያየዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፎቹን ከመላኬ በፊት ስልኩ በምስሉ ውስጥ የሚደብቀውን የቦታ መረጃ እንዴት እንደማጠፋ ጭምር አሳዩኝ።

ቆዳውን ካነሣሁ አይቀር፣ አማካሪነቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ እንዳልነበረ መናገር ይገባኛል። በአገራችን የነብር ለምድና የአንበሳ ጎፈር የክብር ልብስ ነበሩ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ለምድ በሳጥን ያስቀመጠ ቤተሰብ ዛሬም ጥቂት አይደለም፤ እነዚህን ሰዎች ከነጋዴ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነውርም ስሕተትም ነው። በሌላ በኩል አዲስ ቆዳ የሚሸጥ ሰው ሲጠየቅ «የአያቴ ነው» ማለቱ የተለመደ መከላከያ ነው። አማካሪዬ ይህንን ልዩነት አያውቁትም ነበር፤ ሲረዱት ግን አላለፉትም። አሮጌውንና አዲሱን በምን እንደሚለዩ ቆዳ አልፋዎችን እንድጠይቅ አደረጉኝ፤ ከዘገባው ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ክፍል የተገኘውም ከዚያ ነው። የስፌቱ ክር፣ የገበሩ ጨርቅ፣ የፀጉሩ መርገፍ ብዙ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ነገር አዳምጦ ወደ ጥያቄ የሚለውጥ አርታኢ በአገር ውስጥ መገናኛ ብዙኃን ስንት ጊዜ ይገጥመናል?

በሙያ ባልደረቦች መካከል የተዘረጋው ትስስርም ዋጋ ነበረው። የግልገሎቹ ሽያጭ ማስታወቂያ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጣው በአብዛኛው በዐረብኛ ነው፤ ፕሮግራሙ ዐረብኛ ከምታነብ የሌላ አገር ጋዜጠኛ ጋር ስላገናኘኝ ብቻዬን ልደርስበት የማልችለውን ማንበብ ችያለሁ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት የፌዴራል ሕግ ቁጥር 22 አደገኛ እንስሳትን በግል ማሳደግ ከልክለዋል፤ ማስታወቂያዎቹ ከሕጉ በኋላ እንዴት መልካቸውን እንደለወጡ ያስረዳችኝ እሷ ነች።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ።

የመጀመሪያው ችግር ደረሰኝ ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ወጪ ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቃል። ከቡራዩ ተነሥቶ ወደ ሆለታ፣ ወደ ሰበታ ወይም ወደ ሱሉልታ የሚንቀሳቀስ ሰው የሚሳፈረው ሚኒባስ፣ ቅጥቅጥ አውቶቡስና ባጃጅ ነው፤ የባጃጅ ሾፌርን ደረሰኝ መጠየቅ መሳለቂያ መሆን ነው። መኪና ከድርጅት ብከራይ ደረሰኙ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው፤ በዚያ ላይ ሰሌዳው የታወቀ የኪራይ መኪና ይዞ በአንድ መንደር መዞር ዓይን ይስባል። እነሱ ለጥንቃቄ ብለው ያወጡት ደንብ እኔን ወደ ውዱና ወደ አደገኛው ምርጫ ይገፋኝ ነበር ማለት ነው። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የቴሌብር የክፍያ ማረጋገጫ በደረሰኝ ምትክ እንዲያዝ ፈቅደዋል። ይህ ፈቃድ ግን በውሉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ቀጣዩ ሰው እንደገና መከራከር ይኖርበታል።

ሁለተኛው የአስተርጓሚ ክፍያ ነው፤ ይህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚሠራ ሰው ዋናው ጉዳይ ይመስለኛል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተያዘ ዕቃ ጉዳይ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሄድ መዝገቡ በአማርኛ ይገኛል፤ ከአስፋልቱ ወዲህ ማዶ በአንድ ግቢ ውስጥ የተያዘው ግን ወደ ኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይሄድና መዝገቡ በአፋን ኦሮሞ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ሁለት ሥልጣን፣ ሁለት የሥራ ቋንቋ፣ ሁለት የመዝገብ አያያዝ አለ። የእኔ አፋን ኦሮሞ ለገበያና ለሰላምታ ይበቃል፤ ለክስ ማመልከቻ አይበቃም። የፕሮግራሙ የማመልከቻ ቅጽ «የሥራ ቋንቋ» በሚለው ሥር የሚቀበለው አንድ መልስ ብቻ ነው። አስተርጓሚ መቅጠርም «ለሦስተኛ ወገን የሚደረግ ክፍያ» ተብሎ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ፈቃዱ ሳይመጣ የመዝገቡ ቀጠሮ ያልፋል።

ከሁሉ የከበደኝ የመድን ጉዳይ ነው። በውሉ መሠረት እኔ የጉዞና የሕክምና መድን አለኝ። አብሮኝ የሚጓዘው አስተርጓሚና የሚያመላልሰን ሾፌር ግን የላቸውም። ዘገባው ሲወጣ ስሜ ከላይ ይታተማል፤ ቢያስፈራኝ ለተወሰነ ጊዜ ከከተማ ዘወር ማለት እችላለሁ። አስተርጓሚው ግን የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፤ ነጋዴውን በገበያ ቀን ያገኘዋል፤ የሾፌሩንም ሰሌዳ ሁሉም ያውቀዋል። ለጋዜጠኛ ደኅንነት ይህን ያህል ሥልጠና የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ጋዜጠኛው ከሄደ በኋላ እዚያው የሚቀሩትን ሰዎች በአንድ አንቀጽ እንኳን አለማንሣቱን በቀላሉ ላልፈው አልቻልኩም። ይህን በመጨረሻው የግምገማ ቅጽ ላይ በዝርዝር ጽፌላቸዋለሁ።

ስለ ባንኩ ብዙ አልልም። ከውጭ የመጣ ገንዘብ በግለሰብ ስም ሲገባ ባንኩ የምንጩንና የዓላማውን ማስረጃ መጠየቁ የሚጠበቅ ነው፤ ውሉን በእንግሊዝኛ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ይጉላላል፤ ስለዚህ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ በዶላር የተተመነ ድጋፍ በብር ሲመነዘር በቁጥር አድጓል፤ የነዳጁና የትራንስፖርቱ ዋጋም አብሮ ስላደገ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። የበለጠ የሚጎዳው የሁለተኛው ክፍያ ጊዜ ነው። የሚለቀቀው ዘገባው ከታተመ በኋላ ነው፤ ሊያትመው የተስማማው መገናኛ ብዙኃን በራሱ ምክንያት ካዘገየው ቋሚ ደመወዝ የሌለው ጋዜጠኛ ወጪውን ከኪሱ ተሸክሞ ይጠብቃል።

የጊዜ ሰሌዳውም የተዘጋጀው በእነሱ የቀን መቁጠሪያ ነው። ሰነድ እንድሰበስብ የተሰጠኝ ጊዜ ፍርድ ቤቶች ለክረምት እረፍት ከሚዘጉበት ከነሐሴና ከመስከረም ጋር ገጠመ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል የመረጃ ጥያቄ ሲቀርብለት በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን መብት ለፕሬስ አረጋግጧል። በተግባር ግን መስኮቱ ላይ የሚሰማው «እህቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሰኞ ብቅ በይ» ነው። ሰኞ ደግሞ ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። አማካሪዬ ይህን በደንብ ይረዱታል፤ የጊዜ ማራዘሚያ እንድጠይቅ የነገሩኝም፣ ጥያቄው ተቀባይነት እንዲያገኝ የተከራከሩልኝም እሳቸው ናቸው። የመረጃ ጥያቄዬን በቃል ከማቅረብ ይልቅ የአዋጁን አንቀጽ ጠቅሼ በጽሑፍ እንዳስገባና የገቢ ቁጥር እንድቀበል ያሳሰቡኝም እሳቸው ሲሆኑ፣ ቁጥሩን ይዤ ስመለስ የመስኮቱ መልስ በእርግጥ ተለውጧል። ለእነዚያ የመመላለስ ቀናት ግን የተከፈለ አበል የለም፤ አበል የሚታሰበው ከመኖሪያ ከተማ ውጭ ለሚያድሩበት ሌሊት ብቻ ነው። ወደ ጅግጅጋ ብሄድ ይከፈለኝ ነበር። በየሳምንቱ ከቡራዩ ልደታ ስመላለስ አይከፈለኝም።

የሕግ ግምገማው መካከለኛ ነበር። ረቂቁን ያዩት ባለሙያ ጥንቁቅ ናቸው፤ ነገር ግን ምክራቸው ሁሉ በሌላ አገር የስም ማጥፋት ሕግ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም የስም ማጥፋት ከወንጀልነት መውጣቱን ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። በኢንተርኔት የተሰጠው የደኅንነት ሥልጠና ይዘቱ ጥሩ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ በተባበሩ ጊዜ በቀጥታ፣ ባልተባበሩ ጊዜ ደግሞ ከተቀረጸው ላይ ተከታትዬዋለሁ።

በከተማው ዳር መኖር ለዚህ ሥራ ጥቅምም አለው፤ ለማመልከት ለሚያስብ ሰው ይህን መደበቅ አይገባም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅቱ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የሚያስተዳድረው እንስሳኮቴ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በሆለታ መስመር፣ መናገሻ አካባቢ ይገኛል። ከግለሰቦች ግቢና ከነጋዴዎች እጅ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ሌሎች እንስሳት ይኖሩበታል። አብዛኞቹ ከእናታቸው ሥር በሕፃንነታቸው ስለተነጠቁ ማደን አልተማሩም፤ ስለዚህ ወደ ዱር መመለስ የማይችሉትን ዕድሜ ልካቸውን መመገብ ግድ ይሆናል። ፍርድ ቤት በአንድ ሰው ላይ የጣለው መቀጮ ከአንድ አቦሸማኔ የዕድሜ ልክ ሥጋ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሆነ የሚያሰላ ዘገባ አማካሪዬን በጣም የማረካቸው ሐሳብ ነበር፤ እሱንም ለመሥራት ከቤቴ በሚኒባስ የሚደረስ ቦታ ይበቃል። የገንዘቡ ደንብ ግን ቅርብ ቦታ መሥራትን አያበረታታም።

ያለ ምንም ድጋፍ መጀመር ለሚፈልግ ሰው አማካሪዬ ያሳዩኝ ነገሮች አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው። የሳይተስ የንግድ መረጃ ቋት አገሮች ሪፖርት ያደረጉትን ሕጋዊ ንግድ ይዟል፤ የላኪው አገር ቁጥርና የተቀባዩ አገር ቁጥር የማይገናኙበትን ቦታ መፈለግ ጥሩ መነሻ ነው። የደቡብ አፍሪካው የአካባቢ ጉዳዮች የምርመራ ጋዜጠኝነት ማዕከል ኦክስፔከርስ ዋይልድአይ በተሰኘው ካርታው የመያዝ፣ የእስራትና የፍርድ ቤት መረጃዎችን ሰብስቦ ያሳያል። ዓለም አቀፉ የምርመራ ጋዜጠኝነት ኔትወርክም ስለዚሁ ንግድ ያዘጋጀው መመሪያ አለው። ኧርዝ ጆርናሊዝም ኔትወርክ ደግሞ በአካባቢ ጉዳዮች ላይ ለሚሠሩ ጋዜጠኞች የድጋፍ ጥሪ ስለሚያወጣ መከታተል ይገባል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ካቆመ ወዲህ በዚያ ገንዘብ ላይ ተደግፈው የነበሩ የመገናኛ ብዙኃን ድጋፎች ብዙዎቹ ጠብበዋል፤ ስለዚህ አንድ ጥሪ ሲወጣ ውድድሩ ከቀድሞው የበረታ እንደሚሆን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? በእጁ ሰነድ ያለው፣ ወይም ሰነዱ የት እንዳለ የሚያውቅ፣ ሁለተኛው ክፍያ እስኪመጣ የሚቆይበት ሌላ ገቢ ያለው ጋዜጠኛ ሳያመነታ ያመልክት፤ አማካሪነቱ ብቻውን ልፋቱን ይከፍላል። ሐሳቡ ገና ከወሬ ያላለፈ፣ ወይም በዚህ ገንዘብ ብቻ ኑሮውን ሊገፋ ያሰበ ሰው ግን ይጎዳል። ውሉን ከመፈረም በፊት ስለ አስተርጓሚና ስለ ሾፌር መድን፣ ስለ ቴሌብር ማረጋገጫና ስለ ፍርድ ቤት እረፍት ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ ሒሳብ ሲዘጋ አይታወቅም። እኔ በሚቀጥለው ዙር የማመለክት ከሆነ የበጀቴን ትልቁን ድርሻ ለአፋን ኦሮሞ አስተርጓሚና ለመዝገብ ቤት ቀናት እጠይቃለሁ። አማካሪዬ እንደነገሩኝ የፕሮግራሙ ኃላፊዎች «የሰነድ ሥራ ቀናት» የሚል መደብ በበጀት ሠንጠረዡ ላይ ለመጨመር እየተነጋገሩ ነው፤ እስካሁን በወጣው ቅጽ ላይ ግን አልተካተተም።